የአብነትን ታክሲ ተራ ወደ ቦታው ያስመለሱት ወይዘሮ ሌንሳ ዱሬሳ

ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ በልደታ ማርያም ደጅ የቆማችሁ ወገኖቻችን፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የወይዘሮ ሌንሳ ዱሬሳ ዕድሜ አጭር ነበር፤ ሥራቸው ግን የሚነገር ነውና ጥቂት አድምጡን።

ወይዘሮ ሌንሳ ከአባታቸው ከአቶ ዱሬሳ ቱሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዓለም ቤካ በ1974 ዓ.ም. በወሊሶ አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በመንደራቸው አዲስ ጥርጊያ መንገድ ወጣ፤ መንገዱ ሲወጣ ገበያው የቆየበትን ሜዳ ለቅቆ ወደ መንገዱ ዳር ወረደ፤ ገበያውን ቤት ሠሪ ተከተለ፤ ቤቱ ሲበዛ ደግሞ መኪናው በዛ። ሌላው ሰው አይቶ ሲያልፍ እርሳቸው ለምን ብለው ጠየቁ፤ አባታቸውም መልሱን ተምረው ያግኙት ብለው ትምህርት ቤት ላኳቸው።

በመንደራቸውና በወሊሶ ከተማ ተምረው አዲስ አበባ በመግባት በከተማ ፕላን ትምህርት ተመርቀው በአንድ የፕላን መሥሪያ ቤት ተቀጥረው የቡድን መሪ እስከ መሆን ደረሱ። ኑሯቸውን በአብነት አድርገው፣ እዚያው ሠፈር የእንጨት ሥራ ቤት ከነበራቸው ከአቶ ፍሰሐ ጻድቃን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ኢያኤልንና ጽንዓትን ወለዱ።

በሥራ ላይ ሳሉ መንገዱ ተጨናነቀ ተባለና የአብነት ታክሲ ተራ ከሱቆቹ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ባዶ ሜዳ እንዲሄድ ታቀደ፤ ዕቅዱን ያወጡትም ወይዘሮ ሌንሳ ራሳቸው ነበሩ። በወረቀት ላይ መኪናው ሁሉ ያለ ችግር አለፈ። በምድር ላይ ግን ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሲሄድ የልብስ ሰፊውም፣ የሻይ ቤቱም፣ የእንጨት ሠሪውም ደንበኛ አብሮ ሄደ፤ ሜዳው ደግሞ ቤትም ሱቅም የሌለበት ስለሆነ ተሳፋሪ አጣ፤ ተሳፋሪ ያጡት ሾፌሮችም ወደ ሌላ ሠፈር ዞሩ። ልብስ ሰፊው አቶ አብዱልጀባር መንገድ ላይ አግኝተዋቸው፣ «እትዬ ሌንሳ፣ ታክሲውን ወሰዳችሁት፤ እኛን አብራችሁ ያልጫናችሁን ምን በድለን ነው?» አሏቸው። ደንበኛ ካጡት ሱቆች ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የባለቤታቸው የአቶ ፍሰሐ ሥራ ቤትም ከተዘጉት አንዱ ነበር።

ወይዘሮ ሌንሳ በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው ስሕተቱ የእርሳቸው መሆኑን በሕዝብ ፊት ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። የእድሩ ሽማግሌዎችም እንደ ባህላችን ይቅር ካሉ በኋላ፣ ይቅርታ ብቻውን ሱቅ አይከፍትምና አብረናቸው እንሄዳለን ብለው ጋቢያቸውን ደርበው እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ተከተሏቸው። እርሳቸውም በአለቆቻቸው ፊት ሰው በሌለበት ተራ እንደማይቆም፣ ተራ በሌለበትም ሰው እንደማይሰፍር አስረድተው፣ ተራው ወደ ሱቆቹ ፊት እንዲመለስና ቦታው እንዲሰፋለት፣ በሜዳው ላይም መጀመሪያ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ተሠርቶ ሁለተኛው ተራ ከዚያ በኋላ እንዲከፈት ጠየቁ። የገዛ ፊርማዎን ካፈረሱ የቡድን መሪነቱን ያጣሉ ቢባሉ ወደ ኋላ አላሉም። ተራው ተመለሰ፤ እርሳቸውም ሹመቱን አጡ። ወሬው ወሊሶ በደረሰ ጊዜ አባታቸው ስልክ አስደውለው «ደግ አደረግሽ» አሏቸው።

የተዘጉት ሱቆች ሁሉ አልተከፈቱም፤ ያልተመለሱ አሉ። የተመለሱት ግን ዛሬም እየሠሩ ነው፤ በሜዳውም ላይ ሰው ገብቶ ሁለተኛው ተራ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሌንሳ የቤቱንና የመንገዱን ፕላን ለየብቻ አልሠሩም፤ በመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣቶችም እንዲህ እንዲሠሩ አስተማሩ።

በጉበት ሕመም ተይዘው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ቄስ አስጠርተው ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው በዚህ ሳምንት በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ሌንሳ ባለቤታቸውን አቶ ፍሰሐን፣ ልጆቻቸውን ኢያኤልንና ጽንዓትን፣ ወንድማቸውን ገመቺስን፣ እናታቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል። ልጅ አባቱን በሚቀብርበት ዕድሜ አባት ልጁን ሊቀብር መጥቷል፤ ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ሆኖም አባታቸው ዛሬ በዚህ ደጅ የቆሙት አንገታቸውን ሳይደፉ ነው። የለመኑትን የማይነሣ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ስሕተትን በአደባባይ የሚያርም ልብ ይስጠን። አሜን።