ያልተገኙ ስልሳ አንድ ሰዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፣

ይህን አዳራሽ ለእኔ ብላችሁ ስላዘጋጃችሁ፣ ወንበሩንም ከየቢሯችሁ ተሸክማችሁ ስላመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የገባሁት ወረቀት ለማደል ነው። ፊት ለፊታችሁ ቆሜ ሳያችሁ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከጎን ስትታዩ ከምትመስሉት ይልቅ ደግ ናችሁ።

ንግግሬን ጽፌው ነው የመጣሁት። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ታይፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ባነብ ታገሱኝ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ፕሮፌሰር፣ በሌሉበት "ነጠላ ሰረዝ" የምንላቸው፣ ረቂቁን ላርምልዎ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እሳቸው ያረሙትን ወረቀት ሲያነብ ሰው በየሦስት ቃሉ ቆሞ ትንፋሽ መሳብ አለበት። እኔ ደግሞ ትንፋሼ እንደ ድሮው አይደለም።

አዲስ ለገባችሁት ልንገራችሁ። ይህ ቤት ስለ ኪሳራና ስለ ዕዳ ለሚያጠኑ ምሁራን የጥናት ገንዘብ ይሰጣል። ነጋዴ ለምን ይከስራል፣ ከከሰረ በኋላስ የት ይደርሳል፣ ይህን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን ይልካል። እኔ ተቀብዬ ማህተም አሳርፍበታለሁ። ኮሚቴው ለሰው ፊት እንዳያደላ የአመልካቹን ስም በጥቁር ወረቀት ሸፍኜ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ጥናቱ ሲያልቅ መጠይቁም ቅጹም በካርቶን ታሽጎ ተመልሶ እኔ መዝገብ ቤት ይገባል። "እማማ ማህተም" የተባልኩት በዚህ ነው።

ሥራው ከባድ ነበር ወይ? አልነበረም። ግን ደክሞኛል። ድካሙ ከካርቶኑ አይደለም።

የቆያችሁት ልጄን ታስታውሷታላችሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጨርቅ ልትገዛ ወደዚህ ሰፈር ስትመጣ ብቅ ትልና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምሳዬን ትጨርስብኝ ነበር። አንድ ቀን ካርቶኖቹን ዙሪያዋን አየችና፣ "እማዬ፣ ዕዳ የሚያጠና ይህን ያህል ሰው ካለ፣ ዕዳ የሚከፍል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?" አለችኝ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን በር ላይ ቆመው ሰምተው ኖሮ፣ "የኔ ልጅ፣ ለዚያ አርዕስት በጀት አልተያዘም" አሏት። ሳቅን። እሷም ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሦስት የልብስ ስፌት ማሽን በብድር ገዝታ ነበር። ዩኒፎርም የምትሰፋለት ትምህርት ቤት ሥራውን ለሌላ ሰጠባት። ከዚያ አንደኛው ማሽን ጠፋ፤ ጥገና ገብቷል አለችኝ። ሁለተኛውም ጠፋ፤ እሱም ጥገና ገብቷል አለችኝ። እኔ እኮ፣ ማመልከቻ ላይ አንድ ገጽ ቢጎድል በእጄ መዝኜ የማውቅ ሴት፣ ሁለት ማሽን ከቤቴ ሲጎድል "መካኒኩ ዘገየ" ብዬ ተቀመጥኩ።

የደም ግፊት ነበረባት። መድኃኒቷን በየወሩ እንደምትገዛ ነበር የምትነግረኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቷ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደቀች። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። ካረፈች በኋላ የቀረውን ማሽን መሳቢያ ስከፍት አራት የሐኪም ማዘዣ ወረቀት አገኘሁ። በደንብ ታጥፈዋል። በአንዱም መድኃኒት አልተገዛም። ከሥራቸው የብድሩ መክፈያ ደረሰኞች ነበሩ። እነዚያ ግን አንድም ወር አልጎደሉም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ያኔ ሁላችሁም ቤቴ መጥታችሁ ነበር። ዘበኛችን ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲቀዳልኝ ነበር። አልረሳሁትም፤ ዛሬ በሰው ፊት ላመስግነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ እዚሁ አዳራሽ፣ ኮሚቴው የመስክ ሥራ መመሪያ ሲያወጣ አንድ ክርክር ተነሣ። ጠያቂዎች አንድን ሰው ቤቱ ሄደው ቢያጡት ስንት ጊዜ ይመላለሱ? ፕሮፌሰራችን አምስት አሉ። ሂሳብ ክፍል የትራንስፖርት ወጪውን አስልቶ ሁለት አለ። ሲከራከሩ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የራበው ሁሉ ሦስት ላይ ተስማማ። ሦስት ጊዜ ተሂዶ ያልተገኘ ሰው "አልተገኘም" ተብሎ ይጻፍ፣ በምትኩም ሌላ የሚገኝ ሰው ይጠየቅ ተባለ። ያንን አንቀጽ ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ሲጻፍ ምንም አልመሰለኝም። ለማን ምን ይመስለዋል?

በዚያ መመሪያ አንድ ትልቅ ጥናት ተሠራ። ሱቃቸውን ወይም ወርክሾፓቸውን የዘጉ አራት መቶ ሰዎች ከንግድ ፈቃድ መዝገብ ተመረጡ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ከአሥር ሰባቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው በእግራቸው ቆመዋል ይላል። ብዙ የተወራለት ጥናት ነው። አጥኚውም ጥሩ ሰው ናቸው፤ መዝገብ ቤት ሲመጡ ካርቶን አብረውኝ ያነሳሉ። የጥናቱ ሁለተኛ ዙር ገንዘብ ሰኞ ለኮሚቴው ይቀርባል።

የመጀመሪያው ዙር ወረቀት አምስት ዓመቱ ስለሞላ ይወገዳል። ደንባችን፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እያንዳንዱን ካርቶን ከፍታ ቆጥራ፣ በማስወገጃው ዝርዝር ላይ ካልፈረመች በቀር አይወገድም ይላል። ከአራት ወር በፊት መክፈት ጀመርኩ። ስድስተኛው ካርቶን ውስጥ የጉብኝት ቅጾቹ ነበሩ። ቅጹ ላይ ቁጥርና አድራሻ አለ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን አነሳሁ። አድራሻው የቤቴ ነው። ልጄ የንግድ ፈቃዷን መልሳ ኖሯል፤ ያንንም አልነገረችኝም።

በእርሳስ የተጻፈ ነው፣ የሴት እጅ ጽሑፍ። የመጀመሪያው ጉብኝት፦ "ጎረቤቶቿ ሆስፒታል ናት አሉኝ።" ሁለተኛው፦ "ለቅሶ ነው። ጊዜው አይደለም ብዬ ተመለስኩ።" ሦስተኛው፦ "ቤቱ ተቆልፏል።" ከሥሩ በእስክሪብቶ፦ "አልተገኘችም። ተተኪ ተወስዷል።"

የሦስተኛውን ጉብኝት ቀን ከመዝገቤ ጋር አስተያየሁት። ከሐዘን ፈቃድ የተመለስኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ያቺ ጠያቂ ቤቴን ስታንኳኳ እኔ እዚህ ተቀምጬ የጠያቂዎቹ የትራንስፖርት ክፍያ ላይ ማህተም እመታ ነበር።

በጠያቂዋ አልተቀየምኩም። ለቅሶ ቤት ቅጽ ይዛ ያልገባች ጨዋ ናት። አጥኚውንም አልከስስም። የታዘዙትን ሠርተዋል። ያዘዝነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓቴን እዚያው ካርቶኖቹ መሃል አሳለፍኩት። ያልተገኙት ስልሳ አንድ ናቸው። አንድ በአንድ አነበብኳቸውና በእጄ ወደ ደብተር ገለበጥኳቸው። የአሥራ አራቱ ቅጽ ልክ እንደ ልጄ ሕመም ወይም ሞት ይላል። አንዱ ላይ "ሚስቱ በር ከፍታ ስሙን ስጠራ ዘጋችብኝ" ተብሏል። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ "ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ" ይላል። በእነዚህ ሁሉ ምትክ የተጠየቁት እነማን ናቸው? ሲንኳኳ በር የከፈቱ ናቸው። በአዲሱ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው የተገኙ ናቸው።

እኔ ስሌት አላውቅም። ግን የወደቀውን ትተን የቆመውን ብቻ ከጠየቅን፣ ሰው ሁሉ ይነሳል ማለታችን አይቀርም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተሩን ይዤ ፕሮፌሰር ዘንድ ገባሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እማማ ማህተም፣ ይህ እኮ በመመሪያው የተፈቀደ ነው" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ደብተሩን እንደገና ገልጠው ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ "እሷ ናት?" አሉ። ናት አልኳቸው። ያን ዕለት በደብተሬ ላይ አንዲት ሰረዝ እንኳ አላረሙም።

ሂሳብ ክፍል ደግሞ ሄጄ አራተኛ ጉብኝት ምን ያህል ያስወጣል ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው የመስክ ሥራው የበጀት አርዕስት ተዘግቷል አሉኝ። እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን አይተው ተዉት። በማግስቱ ግን ሳልጠይቃቸው በወረቀት አስልተው አመጡልኝ። ለሁለተኛው ዙር ከተጠየቀው ገንዘብ ከመቶው ሁለት እጅ አይሞላም። አመሰግናለሁ፣ የሂሳብ ሰው። ቀድሞ ቀልድዎን እንጂ ልብዎን አላውቀውም ነበር።

እንግዲህ ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የሥራዬ የመጨረሻ ቀን ነው። የማስወገጃው ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልፈረምኩም። በሃያ ሁለት ዓመት ሳልፈርም ያሳደርኩት ወረቀት ይህ ብቻ ነው። ከእኔ በኋላ ቁልፉን የምትረከቢው እህቴ፣ ልፈርም ስትይ አስቀድመሽ ስድስተኛውን ካርቶን ክፈቺ። እኔ ላስገድድሽ አልችልም፤ ነገ ጡረተኛ ነኝ።

ኮሚቴውን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሰኞ ገንዘቡን ከመፍቀዳችሁ በፊት ወደ ስልሳ አንዱ ሰዎች አራተኛ ጊዜ ይኬድ። የሟቾቹ ቤተሰብ ይጠየቅ። የሄዱት ይፈለጉ። መጠይቁ ላይ ሃምሳ ሁለት ጥያቄ አለ፤ ምን ያህል ተበደሩ፣ ከማን ተበደሩ፣ በስንት ወለድ ይላል። "ዕዳውን ለመክፈል ብለው ምን መግዛት ተዉ?" የሚል የለም። እሱን ጨምሩበት። መልሱ ጥሩውን ቁጥር ሊያበላሸው ይችላል። ይበላሽ።

ስለ ስጦታው ሰምቻለሁ። ምስጢር መጠበቅ ስለማታውቁ ትናንት ነው የሰማሁት፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። ስጦታችሁ ይቅርብኝ፣ ገንዘቡ ለጉብኝቱ ይዋል ልል አስቤ ነበር። አልልም። ወንበሩን እፈልገዋለሁ፤ ጉልበቴ አልቋል። የጉብኝቱን ገንዘብ ከእኔ ወንበር ሳይሆን ከሚገባው ቦታ አውጡት።

ደብተሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። ከሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጀምሩ። አድራሻው አልተለወጠም። ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። አንኳኩ፣ እከፍታለሁ። ስለ ማሽኖቹም ስለ ማዘዣዎቹም የምትጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ያላየሁትንም አላየሁም ብዬ እናገራለሁ።

ልጆቻችሁ ሲቸግራቸው የሚነግሯችሁ ይሁኑ። እናንተም ስትሰሙ የማትደነግጡ ሁኑ። መድኃኒት የምትገዙበት አይቸግራችሁ። ወጣቶቹ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ የጨረሳችሁት እንደ እኔ ሳትሰበሩ ጡረታችሁን ብሉ። ይህ ቤት እውነቱን የሚጽፍ አይጣ። እናንተም የምትፈልጉትን አትጡ፤ የሚፈልጋችሁም አይጣችሁ።