ከእጄ ያመለጠው ጄሶ

ሰው ፊት ማውራት እንዴት እንደምፈራ ክፍላችን በሙሉ ያውቃል። ያን ቀን ደግሞ ማርክ ያለው ፕሬዘንቴሽን ነው፤ የግድ ማቅረብ አለብኝ። ርዕሴ እንደ ፀሐይ አቶም እያዋሃደ የሚግል የፊውዥን ኃይል ማመንጫ ውስጥ ስለሚገባ ሴራሚክ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል፤ ስለዚህ ውስጡ ክር ይገባበታል። ይህን ለጎረቤታችን ለአብዲ ነገርኩት። እሱ የኮርኒስ ጄሶ ሠሪ ነው። «አቦ፣ ይሄማ የኛ ሥራ ነው! ቃጫ የሌለው ጄሶ ብስኩት ነው ወላሂ!» ብሎ ቃጫ የገባበት ትንሽ የጄሶ ሰሌዳ ሠርቶ ሰጠኝ።

ሰሌዳውን ይዤ ክፍል ፊት ቆምኩ። ርዕሴን ገና ሳልጨርስ ሰሌዳው ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ዷ! አለ። «አለቀላት!» አለ ከኋላ አንዱ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው መሃሉ ተሰንጥቋል፤ ግን ቃጫው ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይዞታል።

«አልተለያየም!» ብዬ ጮህኩ።

«ለምን?» አሉ ቲቸር።

«ክሩ ስንጥቁን ይዞት ነዋ! ሴራሚኩም እንደዚህ ነው!»

«ድገሚው አቦ!» አለ ክፍሉ። እንደገና ጣልኩት። ሳልጠየቅ ሦስተኛ ጊዜም ጣልኩት፤ እየሳቅኩ፣ እያወራሁ፣ እየዘለልኩ። ደወል ተደውሎም አላቆምኩም። በመጨረሻ ቲቸር፣ «ሀያት፣ በቃ ዝም በይ!» አሉኝ።

እኔን! ዝም በይ!