ጋቢዬን ዘርግቼ የቆምኩ ዕለት

አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ልናገር እችላለሁ፤ የዚያን ቀን የንፋስ መውጫን ነፋስ ግን አልረሳውም። ሙሉ የምትባለው ልጄ፣ ብየዳውን ከአየር በሚከልለው በአርጎን ጋዝ ተራውን ብረት መበየድ ለምዳ ነበር። የደብራችንን የተሰነጠቀ የጸበል ታንከር ልትበይድ ስትሞክር ግን፣ ታንከሩ ስቴንለስ፣ የማይዝገው ብረት ነውና፣ ነፋሱ ጋዙን እየበተነ ብየዳውን አጠቆረባት።

መሪጌታው፣ «ልጄ፣ ይቅርብሽ፤ ጭራሽ እንዳትበሺው። ነገ ንግሥ ነው» አሏት። እኔም ፈርቼ «እንሂድ» አልኩ። እሷ የጠቆረውን ሞርዳ አነሳችና «አባዬ፣ ጋቢዎን ይዘርጉልኝ፤ ዓይንዎን ወዲያ!» አለችኝ።

«ቢቃጠልስ?»

«አርጎን ፍንጣሪ የለውም፤ አይስጉ።»

ክንዴ እስኪዝል ነፋሱን ከለልኩላት። ውኃ ሲሞላበት ታንከሩ ጠብ አላለም።

አሁን አሉሚኒየም መበየድ ልትለማመድ መካነ ኢየሱስ ከተማ ናት። ባለፈው ዓርብ ደውላ «ሳይቀላ በድንገት ቀልጦ እየወረደ አስቸገረኝ» አለችኝ። «ጋቢዬን ይዤ ልምጣ?» ብላት ሳቀች። «እዚህስ ነፋስ የለም፤ እጄ ነው መልመድ ያለበት።» ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እየተለማመደች ይሆናል።