እሳት የሚፈራው እጅ

ልብስ ተኳሿ ከሥራ ስትመለስ፣ ደረጃው ላይ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቷ የሕክምና ተማሪ ናት።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? በውሃ የተቃጠለው የልጅ ልጅዎ እግር ዳነላት?»

«ተመስገን፣ ቆዳው ገጥሟል። ልጄ ግን ዳግም እንዳላጥባት ከለከለችኝ። የሕፃኗ ቆዳ ስስ ሆኖ ነው እንጂ ውሃውስ ለብ ያለ ነበር። በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ!»

ተኳሿ በምትሠራበት ላውንደሪ የካውያው ሙቀት የሚታወቀው በጣት ነካ ተደርጎ ነው። የእሷን እጅ «እሳት የሚፈራው» ይሉታል፤ እሷም ትኮራበታለች።

«እጅ ብቻውን ሙቀት አያውቅም እኮ» አለች ተማሪዋ። «ነርቮች ወሬውን ከቆዳ ተቀብለው በአከርካሪ በኩል ለአንጎል ያደርሳሉ። ‹ፈጀኝ› የሚለው አንጎል ነው። መልእክተኛው ከደከመ አንጎል ከየት ይስማ?»

«እጅዎ ውሸታም ነው በይኛ!»

«አልዋሸም፤ ዝም አለ። እርስዎ ዝምታውን ‹ደህና ነው› ብለው ተረጎሙት። ካላመኑኝ በክርንዎ ይሞክሩት።»

ተኳሿ እየሳቀች እዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው የልጇ ቤት ገባች፤ ተማሪዋም ተከተለቻት። ልጇ ለሕፃኗ መታጠቢያ ያሞቀችውን ውሃ ገና አላበረደችውም። ተኳሿ እጇን ሳፋው ውስጥ ነከረች።

«ይኸው! ለብ ያለ።»

ቀጥላ ክርኗን ዝቅ አደረገች።

«ውይ! ፈጀኝ!»

ክርኗን መንጭቃ አወጣች። ያን ዕለት ሕፃኗ እግሯን እየሰበሰበች ስትጮህ «ሞልቃቃ!» ብላ መልሳ ነክራት ነበር። አፍ ያልፈታች ልጅ እውነቱን እየነገረቻት፣ እሷ የደነዘዘ እጇን አመነች። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ እኛን ያልተሰማን ሌላውን የሚያመው አይመስለንም።

«ምን ይሻለኛል የኔ ልጅ?»

«ውሃ በክርን ይለኩ፤ ካውያ በጣት መንካት ይቅር። ጤና ጣቢያም ይመርመሩ፤ እጅ የሚያደነዝዘው ሥራ ብቻ ሳይሆን የስኳር በሽታም ሊሆን ይችላል።»

ልጇ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረች። ተኳሿ በክርኗ ለክታ ሕፃኗን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ ሕፃኗ እግሯን ሰብስባ አለቀሰች።

«በርዷል እኮ!» አለች ተኳሿ።

«እጅዎን አይታ ነው እትዬ» አለች ተማሪዋ ቀስ ብላ። «የእሷም አንጎል ተምሯል። በደግ እጅ ደጋግማ ስትዳሰስ ግን ፍርሃቱ እየቀለለ ይሄዳል።»

ዛሬ በላውንደሪው ካውያ የሚፈተነው በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ጣቱን የሚያቃጥል የለም። የሕፃኗን ውሃ የምትለካው ተኳሿ ናት፤ የምታጥባት ግን ልጇ። ተኳሿ ለክታ ስትጨርስ እጆቿን ወደ ኋላ ታጣምርና፣ ሕፃኗ ሳትፈራ ወደ እሷ ዞር እስክትል ቆማ ትጠብቃለች።