ቅሬታዬን ለከሰስኩት ሰው ስሰጥ

የምሠራው ሰበታ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ነው። አለቃችን ጓንት ከልክሎን እጄ ተላጠ። የሠራተኛ ማህበራችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ፣ «ቅሬታው መጀመሪያ የሚሰጠው ለራሱ ለአለቃሽ ነው። ግልባጩ ላይ ‹ደርሶኛል› ብሎ ሳይፈርም እንዳትወጪ» አሉኝ። ለከሰስኩት ሰው፣ ያውም በእጄ!

አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሰጠሁት። አነበበና ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ማን ጻፈልሽ?» አለኝ። «ራሴ ነኝ። ግልባጩ ላይ ይፈርሙልኝ» አልኩት። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ፈረመ። «ስምሽን ይዤዋለሁ» አለ።

ወጥቼ ወረቀቱን በሩ አጠገብ ለሚጠብቁኝ ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ውይ ልጄ፣ ቀን አልጻፈበትም እኮ! ዛሬ መቀበሉን በምን እናሳያለን? ተመለሺ» አሉኝ።

ዞር ብዬ በሩን አየሁት። መልሶ ዘግቶታል። አንኳኳሁ።