የቧንቧ ውሃ የዋጠው ድምፅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች፦

ማሽኑን አቁማችሁ ለእኔ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ይህን ማሽን ዝም ለማሰኘት ወይ መብራት መጥፋት ነበረበት፣ ወይ እኔ ጡረታ መውጣት።

በእጄ የያዝኩትን ወረቀት እዩልኝማ። ጸሐፊው እኔ፣ አንባቢው እኔ! ዕድሜ ልኬን የቆረጥኩት ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ቢሆንም ከእኔ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ካለ ይምጣና አሁኑኑ ይሞክረኝ። በማታ ትምህርትም አንደኛ ወጥቻለሁ። እርግጥ ሁለተኛዋ ሴትዮ መነጽሯን ረስታ ነበር።

ባለቤቴን ታውቋት ነበር። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ወረቀት ጽፋልኝ አታውቅም። የምትነግረኝ ሲኖራት ስልኬን ታነሣና ራሷን በቪዲዮ ቀርጻ ትተውልኛለች። «ስማ፣ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ፤ ደግሞ ልሞክር ብለህ እንዳትነካካው!» ደብዳቤያችን ይኸው ነበር። ሆስፒታል የገባች ዕለት ጠዋትም አንድ ቀርጻልኝ ነበር። በዚያ ሩጫ መሃል ማን ስልክ ይከፍታል? ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልቤ እምቢ አለኝና ሳላየው ቆየሁ።

ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አካውንቱም ዛሬ ይዘጋል። ስለዚህ ሰሞኑን ዲዛይነሯ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ያለኝን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ልታወርድልኝ ተቀመጠች። ሙጫው የምንለው ጠራዣችንም ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

ያንን ቪዲዮ ከፈትነው። ምስሉ ደብዝዞ ፊቷ ተበጣጥሷል። የሚሰማው ከኋላዋ የሚወርደው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትንሹ ኮፒ ነው» አለችኝ ዲዛይነሯ።

«ታዲያ ትልቁን አምጪዋ!»

«የመሥሪያ ቤቱ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ አሳንሰው ነው ወደ ክላውድ የሚልኩት። ዋናውን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያጠፋዋል» አለችኝ።

ሙጫው «እስቲ ድምፁን ጨምሪው» አላት።

ጨመረችው። ውሃው ጨመረ።

እኛ እኮ የደንበኛን ፎቶ በአጉሊ መነጽር እያየን «ጥራት የለውም፣ ኦሪጅናሉን ይዘህ ና» ብለን ከበር የምንመልስ ሰዎች ነን! በስንቱ ሙሽራ ስቀናል? በገዛ ኪሳችን ያለውን ግን ማናችን አየነው?

መጨረሻው ላይ ወደ እኔ ዞር ትልና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፊደል ለየሁ ብዬ አገር ምድሩን ያስቸገርኩት ሰውዬ ደጋግሜ ባየው አንዲት ቃል አልወጣልኝም። ስለ ምድጃው ይሆን? ፈርታ ይሆን? ና ድረስልኝ ብላኝ ይሆን?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ክፈቱ። «ኦሪጅናል ጥራት» የሚለው ላይ አድርጉት። ያላችሁን አውርዱና ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ እህታችሁ ቤት ይቀመጥ። ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ያወረዳችሁትን እስከ መጨረሻው ስሙት። የተቀረጸው ሰው ጓዳ ካለ ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና ሄዳችሁ እሱን ስሙት።

ቢላዋው ጣታችሁን አይንካ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የምትወዱት ሰው ሲጠራችሁ የምትሰሙ ያድርጋችሁ። እኔ ቪዲዮዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ባይሰማም የእሷ ነው። ደህና ሁኑልኝ።