የርዕሰ መምህሩ ትልቁ ክብ

(ፖሊስ ጣቢያ፣ የኮምፒውተር ምርመራ ክፍል። የሞዴል ፈተና አሾልከዋል ተብለው የተጠረጠሩት ርዕሰ መምህር ደስይበለው ከመርማሪዋ ኢንስፔክተር ምንትዋብ ፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ በክቦችና በመስመሮች የተሞላ ሥዕል ተዘርግቷል።)

ደስይበለው፦ ይህ ሥዕል ከመዝገቡ ይውጣልኝ ብያለሁ!

ምንትዋብ፦ ሰው የሚያሳስረው ማስረጃ ይውጣልኝ ይላል። ይህ እኮ የሚያስፈታዎት ነው!

ደስይበለው፦ ምኑ ያስፈታኛል? የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው።

ምንትዋብ፦ በቢሮዎ ኮምፒውተር የከፈቷቸው ድረ ገጾች ናቸው። እያንዳንዱ ክብ አንድ ገጽ ነው፤ ደጋግመው በከፈቱት ቁጥር ያብጣል። መስመሩ ከየት ወደ የት እንደሄዱ ያሳያል።

ደስይበለው፦ አጥፍቼው ነበር እኮ!

ምንትዋብ፦ ያስጠረጠረዎት እሱ ነው። ፈተናው ሾልኮ በወጣ ዕለት ሁሉንም ጠራርገው አጠፉ፤ እኛ ደግሞ መለስነው። ይህ ድስት የሚያህለው ክብ ምንድን ነው?

ደስይበለው፦ እ... የባህል ጥናት።

ምንትዋብ፦ «የጉራጌ ጭፈራ ለጀማሪዎች» ነው የባህል ጥናቱ?

ደስይበለው፦ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ በሩ ክፍት ነው! በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ሙዚቃ ያስጠፋሁ ሰው ነኝ። መምህራኑ ይህን ቢሰሙ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ምንትዋብ፦ ታዲያ ምን አስከፈተዎት?

ደስይበለው፦ ልጄ ፍሬሕይወት ልታገባ ነው። እናቷ ጉራጌ ነበረች፤ እሷ ለጭፈራ ከተነሳች ሌላው ቆሞ ያያት ነበር። አሁን የለችም። ልጄ «አባዬ፣ በእማዬ ፋንታ አንተ ጨፍርልኝ» አለችኝ። እምቢ ልበላት?

ምንትዋብ፦ ...አይባልም።

ደስይበለው፦ አይባልማ።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው ይስሙኝ። ፈተናው የተላከው ከመምህራን ማረፊያው ኮምፒውተር ነው። በዚያው ሰዓት በእርስዎ ቢሮ ይህ የጭፈራ ቪዲዮ እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይታይ ነበር። እግር የሚፈጥንበት ላይ።

ደስይበለው፦ እሱ ቦታ ልብ ያወልቃል።

ምንትዋብ፦ ሥዕሉን ካወጣሁት ሰርጉ እርስዎ እዚህ እያሉ ያልፋል።

ደስይበለው፦ ...ይግባ። ይግባ በቃ! የሚስቅ ይሳቅ።

ምንትዋብ፦ አንድ ነገር ቀረ። ሥዕሉ ምን እንደተከፈተ እንጂ ኮምፒውተሩ ፊት ማን እንደተቀመጠ አይናገርም። ጸሐፊዎ ብትሆንስ?

ደስይበለው፦ እኔ ነኝ እያልኩዎት! በምን ላሳምንዎት?

ምንትዋብ፦ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጉት።

ደስይበለው፦ እዚህ? ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ?

ምንትዋብ፦ እግር ከሚፈጥንበት ይጀምሩ።

ደስይበለው፦ ...በሉ ይህን ኮት ይያዙልኝ።